ለጀማሪ ልጅ የሚሆን ክላርኔት እንዴት ይመረጣል?

ክላርኔት ለኢትዮጵያ ጆሮ እንግዳ መሣሪያ አይደለም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ አዲስ አበባ የገቡት የትንፋሽ መሣሪያ ባንድ አባላት ሆነው ነበር። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ዜማውን የደረሱት፣ የጎጃሙ ተወላጅ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ደግሞ ግጥሙን የጻፉለት ብሔራዊ መዝሙር በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ላይ ሲሰማ፣ ሀገሪቱ የትንፋሽ መሣሪያን የመንግሥቷ ድምፅ አድርጋ ተቀብላዋለች ለማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ጦር ሠራዊትና የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የየራሳቸውን ባንድ አቋቁመው በርካታ ወጣቶችን አሠልጥነዋል። ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን ያስጮኸው ጌታቸው መኩርያ በክራርና በመሰንቆ ጀምሮ ሳክስፎንና ክላርኔት የጨበጠው በ1940ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ የማዘጋጃ ቤት ባንድ ውስጥ ነው። የመርዓዊ ስጦትን የክላርኔት ጨዋታ በሬዲዮ ያልሰማ የቀድሞ ትውልድ አድማጭም ጥቂት ነው።

በእነዚያ ዘመናት ግን መሣሪያውን የሚገዛው፣ የሚያስጠግነውና ለሠልጣኙ የሚያድለው ባንዱ ራሱ ነበር። ሠልጣኙ ቁልፍ ሲላላበት ወይም ድምፁ ሲሰነጠቅበት አጠገቡ የሚያውቅ ሰው ነበረ። ዛሬ ክላርኔት መማር የሚሻ ልጅ መሣሪያውን የሚያገኘው በአብዛኛው ከወላጁ ኪስ ወይም ከውጭ ሀገር በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ገዢው መሣሪያውን አያውቀውም፤ ልጁም አያውቀውም፤ ሻጩም ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ስለዚህ ምርጫው በሚያብረቀርቀው ቁልፍና በሳጥኑ ውበት ላይ ይወድቃል።

በዚህ ጽሑፍ ግምጃ ቤትን መነሻ ማድረግ የፈለግነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአዊ ዞን በአንከሻ የምትገኘው ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ካለችው ከእንጅባራ ወጣ ብላ ያለች ናት። የትንፋሽ መሣሪያ ጠጋኝ ፍለጋ ከዚያ የሚነሣ ሰው ቢያንስ ባሕር ዳር፣ አለዚያም አዲስ አበባ መድረስ ይኖርበታል። በትልቅ ከተማ የተሳሳተ መሣሪያ የገዛ ሰው አስጠግኖ ወይም ለውጦ ይገላገላል፤ ግምጃ ቤት ላይ የተገዛው የተገዛ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖር ገዢ ከአዲስ አበባው ይልቅ ማወቅ ይጠበቅበታል፤ ደግነቱ ማወቅ የሚገባው ነገር በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። እርሱም ቱቦው አየር አለማባከኑ ነው። ሐሳቡን ለመረዳት ከሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት የበለጠ አያስፈልግም።

ዋሽንትና ክላርኔት

የአዊ ደጋ የቀርከሃ ሀገር ነው፤ በዚያ ያደገ ልጅ የዋሽንትን ጠባይ ያውቃል። ዋሽንት ከሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ ቱቦ ነው። በውስጡ የሚቆመው የድምፅ ሞገድ ርዝመት የቱቦው እጥፍ ይሆናል። ነፊው ትንፋሹን ጠንከር ሲያደርግ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይዘላል፤ ማለትም ድግግሞሹ ሁለት እጥፍ ይሆናል።

ክላርኔት ከውጭ ሲያዩት ቁልፍ የበዛበት ዋሽንት ይመስላል፤ በፊዚክስ ዓይን ግን ሌላ ፍጥረት ነው። አፍ የሚገባበት ጫፍ በሸምበቆ ምላጭ የተዘጋ ስለሆነ ቱቦው አንድ ጫፉ ዝግ፣ ሌላው ክፍት ይሆናል። የሞገዱ ርዝመት የቱቦው አራት እጥፍ ነው። በትንፋሽ በሞቀ አየር ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ 347 ሜትር ያህል ይጓዛል ብንል፣ 59 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአየር ዓምድ 347 ለ(4 ሲባዛ በ0.59) ሲካፈል፣ ወደ 147 ኸርዝ ይሰጣል። ይህም የቢ ፍላት ክላርኔት ዝቅተኛ ድምፅ ነው። በቁመት ከእርሱ ጋር የሚቀራረበው የኦርኬስትራ ፍሉት ዝቅተኛ ድምፅ ግን 262 ኸርዝ ገደማ ነው። ክላርኔት በአጭር ቁመቱ ያን የመሰለ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ጫፉ ዝግ የሆነ ቱቦ ሌላም ጠባይ አለው። ወደ ላይ ሲዘል ሁለት እጥፍ ሳይሆን ሦስት እጥፍ ይዘላል። በዋሽንት አንድ ኦክታቭ የሚዘለው ልጅ በክላርኔት ከአንድ ኦክታቭ በላይ አምስት እርከን ተጨማሪ ይዘላል። ይህን ዝላይ የምታስገኘው በመሣሪያው ጀርባ ከግራ እጅ አውራ ጣት በላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ናት፤ ስፋቷ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በቁልፍ ስትከፈት ዝቅተኛውን ሞገድ ታናጋውና ሦስተኛው ሃርሞኒክ ብቻውን ይቀራል። ኑረንበርግ ከተማ የኖረው ጀርመናዊው መሣሪያ ሠሪ ዮሐን ክሪስቶፍ ዴነር እ.ኤ.አ. በ1700 ገደማ የጥንቱን የሸምበቆ መሣሪያ ሻሉሞ አሻሽሎ ክላርኔትን ሲያስገኝ ዋናው ሥራው ይህ ቀዳዳና ቁልፉ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢያችን ጥቂት እንዲያስብ እንጠይቃለን። ያች ትንሽ ቀዳዳ ምንድን ናት? ሆን ተብላ የተበጀች ፍንጣቂ ናት። አንዲት ታስባበት የተከፈተች ፍንጣቂ ዝቅተኛውን ድምፅ አጥፍታ መሣሪያውን ወደ ላይ ካዘለለችው፣ ሳይታሰብ በሌላ ቦታ ያለች ፍንጣቂም እንዲሁ ታደርጋለች። አንድ ክዳን በአግባቡ ካልገጠመ፣ የአንድ ቀዳዳ ከንፈር ከሸረፈ ወይም የቡሹ መጋጠሚያ ከላላ ልጁ ዝቅተኛውን ድምፅ ሲነፋ መሣሪያው ሲጢጢ ይልበታል። ልጁ ይበልጥ ይነፋል፤ ይበልጥ ይጮህበታል። መምህሩ «ከንፈርህን አጥብቅ» ይለዋል፤ ያጠብቃል፤ ክፉ ልማድ ይማራል። ከሁለት ወር በኋላ «ለሙዚቃ አልተፈጠርሁም» ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ የወረቀት ውፍረት የምታህል ክፍተት ሆና ሳለች ማለት ነው። እኛ ርካሽና ደካማ ክላርኔት ገንዘብ ከማባከኑ ይልቅ በዚህ በኩል የሚያደርሰው ጉዳት ያሳስበናል፤ ገንዘብ ይተካል።

በእጅና በትንፋሽ የሚደረግ ምርመራ

አየር ማባከኑን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ክላርኔት አምስት ክፍል አለው፦ የአፍ ክፍሉ ወይም ሙዚቀኞች ማውዝፒስ የሚሉት፣ በርሜል የሚባለው አጭር ቱቦ፣ የላይኛው አካል፣ የታችኛው አካልና ደወሉ። መጀመሪያ የላይኛውን አካል ብቻ ለይቶ መያዝ ነው። የግራ እጅ አውራ ጣት የጀርባውን ቀዳዳ፣ ሦስቱ ጣቶች ደግሞ የፊቱን ቀዳዳዎች ይዝጉ። የታችኛውን አፍ በቀኝ እጅ መዳፍ መድፈን፤ ከዚያ ከላይኛው አፍ አየሩን መምጠጥ። ቱቦው ጤነኛ ከሆነ ምላስና ከንፈር ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ቆይቶ መዳፍ ሲነሣ «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማል። መምጠጡን እንዳቆምን ወዲያው የሚለቅ ከሆነ አንድ ቦታ ያፈስሳል። የታችኛውም አካል እንዲሁ ይሞከራል፤ ነገር ግን በትንሿ ጣት የሚዘጉትን ትልልቅ ክዳኖች ተጭኖ መያዝ ስለሚያስፈልግ ሁለተኛ ሰው ቢረዳ ይሻላል።

ማፍሰሱ ከታወቀ ቦታውን የምትነግረን አንዲት ቁራጭ የሲጋራ ወረቀት ናት። ወረቀቷን በቀጭኑ ቆርጦ ከክዳኑ ሥር ማስገባት፣ ክዳኑን ቀስ ብሎ መዝጋት፣ ከዚያ መሳብ። በክዳኑ ዙሪያ በየአቅጣጫው ወረቀቷ እኩል መያዝ አለባት፤ በአንድ በኩል ተይዛ በሌላው በኩል ያለ ችግር የምትወጣ ከሆነ ክዳኑ ጠምሟል ወይም ከሥሩ ያለው ልባስ ተጨራምቷል ማለት ነው። ይህ በራሱ መሣሪያውን አያስጥልም፤ ልባስ ይለወጣል። ነገር ግን ጠጋኝ በሌለበት ሀገር ለሚኖር ሰው ገና ከሳጥኑ ሲወጣ የሚያፈስስን መሣሪያ መግዛት ራስን ለችግር መዳረግ ነው።

ቀጥሎ ቁልፎቹ ይታያሉ። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ዓይነት 17 ቁልፍና 6 ቀለበት ያለው ሲሆን፣ ፈረንሳዊው የክላርኔት መምህር ያሳንት ክሎዜና መሣሪያ ሠሪው ኦጉስት ቡፌ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1843 የቀመሩት ነው። ከዚህ ያነሰ ቁልፍ ያለው አሮጌ መሣሪያ ከተገኘ አጣጣሉ የተለየ ስለሚሆን ዛሬ በሚታተሙ መማሪያ መጻሕፍት መማር አይቻልበትም። የቁልፎቹ ብረት በተሻሉት መሣሪያዎች የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው። ስሙ ኒኬል ሲልቨር ይባል እንጂ ቅንጣት ብር የለበትም። ይህ ቅይጥ ሲወድቅ ይጣመማል፤ የተጣመመውም ይቃናል። በርካሾቹ መሣሪያዎች ላይ በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ የሚሠራው፣ አብዛኛው ዚንክ የሆነው ብረት ግን መጣመም አያውቅም፤ ቅጭም ብሎ ይሰበራል፤ በጥሩ ሁኔታም አይበየድም። ሁለቱም ሲለበጡ እኩል ስለሚያብረቀርቁ በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው። ቁልፉን በጣት ይዞ ወደ ጎን ማወዛወዝ ግን ብዙ ይናገራል። እንደ ላላ በር ወዲያ ወዲህ የሚል፣ ሲጫኑት ቀጫጫ እጁ የሚለመጥ፣ ሲለቁት ዘግይቶ የሚመለስ ቁልፍ ያለበትን መሣሪያ ትተን ብንሄድ ይሻላል።

የመጨረሻው ምርመራ የድምፅ ልክ ነው። ለዚህ የሚጫወት ሰው ያስፈልጋል። የፖሊስ ወይም የባህል ኪነት ቡድን አባል የሆነ አንድ የትንፋሽ ተጫዋች ለአሥር ደቂቃ እንዲሞክረው መለመን ከየትኛውም የሻጭ ማረጋገጫ ይበልጣል። ተጫዋቹ በመጀመሪያ ሁሉንም ቀዳዳ ዘግቶ ዝቅተኛውን ድምፅ በለሆሳስ ያውጣ፤ በለሆሳስ የሚወጣ ከሆነ ቱቦው አያፈስስም። ከዚያ ጣቶቹን ሳያነሣ የጀርባውን ቁልፍ ብቻ ይክፈት። ሁለተኛው ድምፅ ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ መሆን እንዳለበት አይተናል፤ በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ በነፃ የሚገኙት የድምፅ መለኪያዎች ልዩነቱን ያሳያሉ። ትንሽ መዛነፍ በማንኛውም ክላርኔት ላይ አለ። ነገር ግን ዝቅተኛው ልክ ሆኖ የላይኛው በእጅጉ ከተዛነፈ፣ የቱቦው ውስጠኛ ስፋት ወይም የቀዳዳዎቹ አቀማመጥ የተበላሸ ነውና መድኃኒት የለውም።

እንጨት ወይስ ፕላስቲክ?

ብዙ ወላጆች «እውነተኛው የእንጨቱ ነው» ይላሉ። ይህ አባባል ከልማድ የመጣ ነው። የባለሙያ ክላርኔት የሚሠራበት ጥቁር እንጨት በሳይንሳዊ ስሙ ዳልበርጂያ ሜላኖክሲሎን ይባላል፤ ሰው ከዞጲ ወገን ይቆጥረዋል። ክብደቱ ከውኃ ስለሚበልጥ ይሰጥማል። ዛፉ ከሴኔጋል እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚገኙ ቆላማ ሥፍራዎች የሚበቅል ሲሆን በሀገራችንም በምዕራብና በሰሜን ምዕራብ ቆላዎች ይገኛል። ለመሣሪያ የሚሆነው በብዛት የሚቆረጠው ግን በታንዛኒያና በሞዛምቢክ ነው። በዓለም አቀፍ ንግድ ላይ ቁጥጥር እንዲደረግበት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ተወስኖ፣ ያለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ከፈቃድ ግዴታው ነፃ ሆነዋል።

ድምፁን በተመለከተ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆን ባከስ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጥናት የክላርኔት ቱቦ ግድግዳ ንዝረት አድማጭ በሚሰማው ድምፅ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከቁጥር የማይገባ መሆኑን አሳይቷል። የሚዘምረው በውስጡ ያለው አየር ነው፤ ግድግዳው ድርሻው አየሩን በቅርጹ ይዞ መቆየት ነው። ብዙ ሙዚቀኞች በዚህ አይስማሙም፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተቋጨም። የሚያከራክረው ግን የባለሙያ መሣሪያ ነው እንጂ የጀማሪ አይደለም።

ለአዊ ደጋ ወሳኙ ሌላ ነገር ነው። እንጨት እርጥበትን ይወስዳል፤ ይሰጣልም። ልጁ በታኅሣሥ ማለዳ ብርዱ ሳይለቅቅ ክላርኔቱን አንሥቶ ሲነፋ በቱቦው ውስጥ ሞቃትና እርጥብ ትንፋሽ ያልፋል፤ ከውጭ ግን ደረቅና ቀዝቃዛ የበጋ አየር አለ። ውስጡ ያብጣል፤ ውጩ ይኮማተራል፤ እንጨቱ በርዝመቱ ይሰነጠቃል። በክረምቱ ደግሞ በተቃራኒው አብጦ መጋጠሚያዎቹ እምቢ ይላሉ። ኤ.ቢ.ኤስ. የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ስለዚህ በደጋ ለሚኖር ጀማሪ፣ ከእንጨት ይልቅ በጥንቃቄ የተሠራ የፕላስቲክ ክላርኔት እንመርጥለታለን። እዚህ ላይ ማመንታት የለብንም። ያማሃ ለጀማሪ የሚሠራው ዋይ ሲ ኤል 255 እና ከእርሱ በፊት የነበረው 250፣ የፈረንሳዩ ቡፌ ክራምፖን ቢ 12 እና የጁፒተር የተማሪ ክላርኔቶች ከዚህ ወገን ናቸው። በቀይ፣ በሰማያዊና በነጭ ቀለም ተለብጠው የሚሸጡ ስም የለሽ ክላርኔቶች ግን ለጌጥ ካልሆነ በቀር አይመከሩም።

ስለ ከፍታም አንድ ነገር እናንሣ። «በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ መሣሪያው ድምፁ ይለወጣል» የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ ይሰማል። እውነት ነው፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ሆኖም ግፊቱም አብሮ ስለሚቀንስ የድምፅ ፍጥነት አይነካም። ፍጥነቱን የሚወስነው ሙቀት ነው። በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ 337 ሜትር በሴኮንድ የነበረው በ25 ዲግሪ 346 ይሆናል፤ ይህም ሁለት ከመቶ ተኩል በላይ ልዩነት ነው፤ ወደ ሙዚቃ ስንመልሰው የግማሽ ድምፅ ግማሽ ሊደርስ ምንም አይቀረው። በማለዳ ክላርኔቱ ከኪቦርድ ጋር አልገጥም ቢል ተጠያቂው ብርዱ እንጂ መሣሪያው አይደለም። ጥቂት ደቂቃ በትንፋሽ ካሞቁት ወደ ልኩ ይመለሳል።

ማውዝፒስና የሸምበቆ ምላጭ

ለጀማሪ ድምፅ ከመላው ቱቦ ይልቅ የሚወስኑት የላይኞቹ አሥር ሴንቲ ሜትሮች ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም። ማውዝፒሱ ላይ ምላጯ ተኝታ ጫፏ ከማውዝፒሱ ጫፍ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በዚያች ክፍተት ነው ትንፋሽ ወደ ንዝረት የሚለወጠው። የክፍተቷ ልክና ምላጯ የምትተኛበት ጠርዝ ቀጥተኛነት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚቆጠር ጥንቃቄ ይጠይቃል። በርካሽ መሣሪያ ላይ መጀመሪያ የሚጓደለው ይህ ነው። በመጠኑ ደካማ የሆነን ክላርኔት በጥሩ ማውዝፒስ መታደግ ይቻላል፤ በመጥፎ ማውዝፒስ ግን የትኛውም ክላርኔት አይነፋም። ያማሃ 4 ሲ በዋጋው መጠነኛ፣ ለጀማሪም የታመነ ነው፤ ከዚያ ከፍ ያለውን ለሚሻ የቫንዶረን ቢ 45 በብዙ ሀገር መምህራን ዘንድ የታወቀ ነው። ጥሩዎቹ የሚሠሩበት ኤቦናይት በድኝ የጠነከረ ጎማ ነው። ፀሐይ ላይ ከተተወ ወደ አረንጓዴነት ያደላል፤ በፍል ውኃ ከታጠበም ይጣመማል። ለብ ባለ ውኃ ብቻ ይታጠብ።

ሙዚቀኞች ሪድ የሚሏት ምላጭ የምትቀረጽበት ተክል ሳይንሳዊ ስሙ አሩንዶ ዶናክስ ነው፤ በአማርኛ ሸምበቆ የምንለው ማለት ነው። ዋሽንት የሚቀረጽበት፣ በየወንዙ ዳር የሚታየው ሸምበቆ የክላርኔትም ልሳን ነው። በዓለም የታወቀው የምላጭ ሸምበቆ የሚመረተው በደቡብ ፈረንሳይ በቫር አውራጃ ነው፤ ተቆርጦ ለብዙ ጊዜ ከደረቀ በኋላ ይቀረጻል። በሀገራችን ሸምበቆ ምላጭ ለመቅረጽ መሞከር ለአንድ የዕፅዋት ሳይንስ ወይም የፊዚክስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ርእስ ይመስለናል፤ ለጀማሪ ልጅ ግን አናዝዘውም።

ምላጮች በጥንካሬያቸው ከ1 እስከ 5 ቁጥር ይሰጣቸዋል። ጀማሪ በ2፣ ቢበዛ በ2 ተኩል ይጀምር። በደጋ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ምላጭ ቶሎ እንደሚደርቅና እንደሚጠጥር ስለሚናገሩ ከሁለቱ ለስለስ ያለችውን መምረጥ ይሻላል። ወላጅ ሊያውቀው የሚገባው ዋና ነገር ምላጭ አላቂ ዕቃ መሆኗን ነው። በየቀኑ የሚለማመድ ልጅ አንዷን ከጥቂት ሳምንታት በላይ አያቆያትም፤ ጫፏ ልብስ ከነካው ያን ጊዜውኑ ትሸረፋለች። ክላርኔት ገዝቶ ምላጭ አለመግዛት ላምባ ሳይገዙ ፋኖስ እንደመግዛት ነው። ሦስት አራቱን በየተራ መጠቀም፣ ከጨዋታ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ ጠፍጣፋ መስተዋት ላይ በጥላ ማድረቅ ዕድሜያቸውን ያራዝማል። በተጨማሪ ከፕላስቲክ የተሠሩ ምላጮች አሉ፤ የአንዱ ዋጋ የአንድ ፓኮ የሸምበቆ ምላጭ ያህል ሊደርስ ይችላል፤ ነገር ግን ለወራት ያገለግላሉ፤ እርጥበትም አይሹም። ምላጭ የሚሸጥበት ሱቅ ለማይገኝባት ግምጃ ቤት አንዱን ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ብልኅነት ነው።

ያገለገለ መሣሪያና ዋጋው

የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ በብር ሲታሰብ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስም ያለው አዲስ የተማሪ ክላርኔት በውጭ ሀገር በብዙ መቶ ዶላር የሚሸጥ ነው፤ ስም የለሾቹ ከ100 እስከ 200 ዶላር ይገኛሉ። በዚህ መካከል ያለው አዋጭ መንገድ ያገለገለ፣ ግን በጠጋኝ እጅ ታድሶ የወጣ መልካም መሣሪያ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ልጆች ለጥቂት ዓመታት በትምህርት ቤት ተጫውተውባቸው የሚሸጧቸው የያማሃና የቡፌ የፕላስቲክ ክላርኔቶች ብዙ ናቸው። አዲስ ስም የለሽ ከመግዛት ይልቅ ታድሶ የተሸጠ ያማሃ መግዛት ሁልጊዜ ይሻላል።

ይሁን እንጂ በጣም ያረጀ መሣሪያ ሲገኝ ሁለት ነገር መታየት አለበት። አንደኛው የድምፅ መነሻው ነው። «ላ» ድምፅ 440 ኸርዝ ይሁን የሚለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተደረሰው እ.ኤ.አ. በ1939 ለንደን ላይ ነው። ከዚያ በፊት ለወታደራዊ ባንዶች ይሠሩ ከነበሩት መካከል 457 ኸርዝ ገደማ የሆኑ ነበሩ። እንዲህ ያለ ክላርኔት ከዛሬዎቹ መሣሪያዎች በግማሽ ድምፅ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሾላል። በርሜሉን ሳብ አድርጎ ማስረዘም ይህን አያስተካክለውም፤ ምክንያቱም የቀዳዳዎቹ ርቀት ሁሉ በዚያ ልክ የተሠራ ነውና ከላይ ብቻ ሲረዝም የታችኞቹ ድምፆች ሳይስተካከሉ የላይኞቹ ይዘቅጣሉ። ሁለተኛው የመሣሪያው ዓይነት ነው። ክላርኔት በቢ ፍላት፣ በኤ፣ በሲና በሌሎችም ድምፅ ይሠራል፤ ጀማሪ የሚያስፈልገው የቢ ፍላቱ ነው። በዚህ መሣሪያ «ዶ» ተብሎ የተጻፈው ከኪቦርዱ በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ ልጁ ተሳስቶ አይደለም፤ መሣሪያው ጠባዩ እንዲያ ነው።

የልጁ ሰውነት ለመሣሪያው መድረሱን ማየትም ተገቢ ነው። ክላርኔት ከ700 እስከ 800 ግራም ያህል ሲመዝን ክብደቱን የሚሸከመው የቀኝ እጅ አውራ ጣት ነው። የልጁ ጣቶች መዳፎች ቀዳዳዎቹን ሙሉ በሙሉ መድፈን አለባቸው፤ ጣት አምልጦ የተከፈተች ጥቂት ክፍተት ከላይ የተናገርናትን ፍንጣቂ ያህል ታስጮሃለች። የፊት ጥርሶቹ የወተት ጥርስ ከሆኑ ወይም ከወለቁ ማውዝፒሱን መያዝ ያስቸግረዋል። ብዙ ልጆች ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ሲሞላቸው ይደርሳሉ። ያልደረሰ ልጅ እስኪደርስ ዋሽንት ይንፋ፤ ጣቶቹ ቀዳዳ መድፈን፣ ጆሮው ትዝታንና ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን መለየት ይማሩለታል። ወደ ክላርኔት ሲሻገር ድምፅ በተለወጠ ቁጥር ዋሽንት መለወጥ ሳያስፈልገው አራቱንም ቅኝት ከፈለገው ድምፅ ላይ ተነሥቶ በአንዱ መሣሪያ ይጫወታቸዋል።

ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ መልእክት ስንልክ ታዲያ «ክላርኔት አምጣልኝ» ብቻ ብለን አንተወው። የቢ ፍላት፣ ባለ 17 ቁልፍ፣ የፕላስቲክ፣ ስም ያለው፣ ያገለገለ ከሆነም ጠጋኝ አይቶት ክዳኖቹ የተፈተሹ ይሁን እንበለው። ከሻንጣው ቦታ ከተረፈ አንድ ጥሩ ማውዝፒስ፣ ሁለት ፓኮ ባለ 2 ቁጥር ምላጭ፣ ቱቦውን ከውስጥ የሚጠርግ ክር ያለው ጨርቅና አንድ ብልቃጥ የቡሽ ቅባት ይጨምርበት። ቅባቱ ከጠፋ ቅቤ አይተካውም፤ በመጋጠሚያው ቡሽ ላይ ይሻግታል፤ አቧራም ይሰበስባል። ዕቃው ግምጃ ቤት ሲደርስ ሳጥኑን ከፍቶ ከመደሰት አስቀድሞ የላይኛውን አካል አውጥቶ፣ ጣትና መዳፍ ደፍኖ መምጠጥ ነው፤ ዘመድ ወደ መጣበት ከመመለሱ በፊት።